የሰባት ቁጥር ዕዳ

ደሴ ውስጥ የአክስቴ ልጅ ገንዘብ ያዥ ሆና የምታገለግልበት ቅሬ የመንፈቅ ሒሳቡን ሲዘጋ 7,770 ብር ጎደለ። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። ወሎ ላይ ግን እስላሙና ክርስቲያኑ ባንድ ድንኳን ለቅሶ የሚቀመጥበት፣ ሲጣሉ የሚያስታርቅ፣ ያጠፋውን የሚቀጣ፣ ጠንከር ያለ ነገር ነው። የጎደለው ብር አገር አያፈርስም፤ «የቀብር ገንዘብ በላች» መባል ግን ቤት ያፈርሳል። ለቅሶ ቤት ስትገባ ሰው ዝም ማለት ጀመረ። ቡና ላይ ገና አቦሉ ሳይቀዳ ወሬ ይቀየራል። ይኼ ሁሉ ቃል ሳይወጣ ነው እንግዲህ።

«ጋሼ፣ ሰባት ቁጥሩ አንዳንዴ አይሰማም» አለችኝ በስልክ።

የምታወራው ከሰኞ ገበያ ከመንገድ ዳር ነጋዴ ስለገዛችው አሮጌ ካልኩሌተር ነበር። ወጪውን ሁሉ የምትደምረው በሱ ነው። ዕቃ የተገዛበትን ዋጋ በብጣሽ ወረቀት ትጽፋለች፣ ትደምራለች፣ ድምሩ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ብጣሹ ይጣላል። ጥፋት ነው አትሉም? እኔም ብያታለሁ። ግን እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ ከመካከላችን ካልኩሌተር የሰጠውን ድምር በእጁ ደግሞ የሚያጣራ ስንት ሰው አለ?

መጀመሪያ ነገሩን የጠረጠሩት እዚያው ሰፈር የሚኖሩ፣ ጡረታ ከወጡ ሃያ ዓመት ያለፋቸው የሒሳብ ሹም ናቸው። «ስንት ጎደለ አልሽኝ ልጄ?» አሉ፣ ነገሯቸው። እስክሪብቶ አወጡ። በድሮ መዝገብ ቤት ሁለት የታወቁ ፈተናዎች ነበሩ። ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ ሁለት አሃዝ ቦታ ተለዋውጦ ተጽፏል ብለህ ትጠረጥራለህ፤ 54ን 45 ብለህ ጽፈህ ይሆናል። የልዩነቱ ግማሽ የሆነ ቁጥር መዝገቡ ላይ ከተገኘ ደግሞ ገቢው ወጪ፣ ወጪው ገቢ ተብሎ ተመዝግቧል። 7,770 ለ9 አይካፈልም። ግማሹ 3,885 ነው፤ እንዲህ ያለ ቁጥር መዝገቡ ላይ የለም። ሽማግሌው ቁጥሩን አተኩረው አዩትና «ሌባ እንዲህ አሳምሮ አይሰርቅም» አሉ። «ሰባት ሺህ፣ ሰባት መቶ፣ ሰባ። ሦስት ሰባቶች ወድቀዋል።»

የቅሬው ሹማምንት ካልኩሌተሩን አስመጡና ሰባትን አሥር ጊዜ ተጫኑ። አሥር ጊዜም ሰባት አለ። «ይኼ ማሽን ከኛ ይልቅ ጤነኛ ነው» አለ አንዱ፤ ሌላው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። እንግዲህ ማሽኑን ከፍቶ በሽታውን የሚያሳይ፣ ከተቻለም መለዋወጫ አግኝቶለት የሚያድነው ባለሙያ መፈለግ ነበረበት። የሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ለካልኩሌተር ምን ይፈይዳል ሳልል ተነስቼ ሄድኩ።

መንገድ ላይ ሳስበው የነበረው የሚከተለውን ነው።

ደሴ ያለ ማሽን መቁጠር የተማረች ከተማ ናት። ንጉሥ ሚካኤል መናገሻቸው ባደረጓት ጊዜ፣ ከቆላው በባቲ በኩል የሚወጣው ጨውና ከደጋው የሚወርደው እህል የሚገናኝባት የነጋዴ አገር ነበረች። የሚቆጠረው ጠገራ ብር ነው፤ ያቺ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለባት፣ መቼም ትመታ መቼ 1780 የሚል ዓመት የምትሸከም ብር። የኛ ነጋዴ እሷን ሲቀበል የሴትዮዋን ጌጥ እንቁዎች እያንዳንዳቸውን ይቆጥር ነበር። አንዷ ከተፋቀች ብሯ ተመላሽ ናት። እንዲህ ያለ ሰው በቁጥር የሚታለል እንዳይመስላችሁ።

ማባዛቱስ? በምዕራባውያን የሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ «የኢትዮጵያ ማባዣ» እየተባለ የሚጠቀስ አንድ ዘዴ አለ። ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ምሳሌ በሬ የሚገዛ ሰው ነው፤ 7 በሬ፣ አንዱ በ22 ጠገራ። መሬት ላይ ሁለት ረድፍ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ እንደ ገበጣ መሆኑ ነው። በግራው ረድፍ 22 ጠጠር ይቀመጥና እየተጋመሰ ይወርዳል፣ ግማሽ ከተረፈ ይጣላል፦ 22፣ 11፣ 5፣ 2፣ 1። በቀኙ 7 ይቀመጥና እየታጠፈ ይወርዳል፦ 7፣ 14፣ 28፣ 56፣ 112። ከዚያ በግራው ጉድጓድ ሙሉ ቁጥር ማለትም ለሁለት እኩል የሚካፈል ያለበት ረድፍ በሙሉ ይሰረዛል። 22 እና 2 ከነጓደኞቻቸው ወጡ። በቀኝ የቀሩት 14፣ 28 እና 112 ሲደመሩ 154 ይሆናሉ። ሰባት ጊዜ ሃያ ሁለት! የማባዣ ሠንጠረዥ የማያውቅ፣ ማጠፍና ማጋመስ ብቻ የሚችል ሰው ማንኛውንም ቁጥር በማንኛውም ቁጥር ያባዛል ማለት ነው።

የዚህ ዘዴ የቅርብ ዘመድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ግድም አሕሜስ የተባለ ግብፃዊ ጸሐፊ በገለበጠው ፓፒረስ ላይ ይገኛል። የራሺያ ገበሬዎችም ነበራቸው እየተባለ በስማቸው ይጠራል። የሚገርመው ደግሞ ኮምፒዩተር በአንድና በዜሮ ሲያባዛ የሚያደርገው ከዚህ እምብዛም አይርቅም፤ ማጠፍ፣ የሚያስፈልገውን መምረጥ፣ መደመር። እኛ ግን አሁን ካልኩሌተሩ ሲበላሽ ቁጭ ብለን እናየዋለን። የባሕረ ሐሳብ መምህራን ወንበርን በ11 አባዝተው በ30 እየገደፉ አበቅቴን በቃላቸው ሲያወጡ የሰማ ሰው ይፈርዳል። የግዕዙ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ እነሱ ግን የሚያሰሉት በወረቀት ላይ ባለው ምልክት ሳይሆን በጭንቅላታቸው ነውና አልቸገራቸውም።

ማሽኑን ያመጣው ቢሮው ነው። የኢትዮጵያ ባንክ በነሐሴ 1923 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ቅርንጫፍ ከነበራቸው ከተሞች አንዷ ደሴ ናት። ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን መጣ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ከተማይቱን በአውሮፕላን ደበደበ፣ ሚያዝያ 7 ገባባት፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ከነደቡብ አፍሪካ ወታደሮቹ የመጣው የእንግሊዝ ጦር አስወጣው። አምስት ዓመት ከአሥራ አንድ ቀን። ይቺ አጭር ጊዜ ለታሪክ መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ናት፤ ለመካኒኩ ግን ሙሉ መዝገበ ቃላት። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ቶርኖ፣ ጎሚስታ። ዛሬም ደሴና ኮምቦልቻ ጋራዥ ገብታችሁ ስታዳምጡ ጣሊያኖቹ ምሳ ሊበሉ ወጣ ያሉ ነው የሚመስለው። (ለተማሪዎቼ የውሰት ቃልን ሳስተምር ብዙ ደክሜያለሁ፤ አንድ ቀን ጋራዥ ብወስዳቸው ኖሮ ይበቃ ነበር።)

ሽማግሌው የሒሳብ ሹም ሥራ የጀመሩት በእጀታ በሚዞር መደመሪያ ነው። ቁጥሩን ትደረድራለህ፣ እጀታውን ወደፊት ታዞራለህ፣ ይደመራል፤ ወደኋላ ታዞራለህ፣ ይቀነሳል። የዚህ ዓይነቱ መኪና አባት ፒተርስበርግ ይኖር የነበረው ስዊድናዊ ኦድነር ነው። በኋላ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት መጡ፤ ከነዚያ ሁሉ ዝነኛው እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው የኦሊቬቲ ዲቪሱማ 24 ነው። ኦሊቬቲን ያገራችን ሰው በአማርኛ የጽሕፈት መኪናው ያውቀዋል። የዲቪሱማን ሆድዕቃ የነደፈው ናታሌ ካፔላሮ ፋብሪካው ውስጥ ተራ ሠራተኛ ሆኖ የጀመረ ሰው ነበር። ይኼንን የምጠቅሰው በከንቱ አይደለም፤ ሠራተኛ የፈጠረው ማሽን ለሠራተኛ ይገባዋል። ሽማግሌው ሲያወሩት፣ የመደመሪያው ጥርስ ሲሰበር ቶርኖ ቤት ይወሰድና ይቀረጻል። ሞላው ሲላላ ከሌላ ሞላ ተቆርጦ ይገባል። ሲንቋቋ ዘይት ይጠጣል። ክፍሉ በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይያዛል፣ የታመመውም ቦታ ይታወቃል።

«ያ መኪና ሲሳሳት ይጮህ ነበር» አሉኝ። «ይሄኛው ዝም ብሎ ነው የሚዋሽ።»

ወደዚህኛው የተሻገርነው በጣም በፍጥነት ነው። የካሺዮ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጡት የመጀመሪያው ካልኩሌተራቸው በ342 ሪሌ የሚሠራ፣ 140 ኪሎ የሚመዝን፣ ከነጠረጴዛው የሚሸጥ ነበር። በአሥራ አምስት ዓመቱ፣ በ1972፣ እነዚያው ወንድማማቾች በእጅ መዳፍ የሚያዝ ካልኩሌተር በ12,800 የን ሸጡ። በመካከሉ የተከሰተው ሲሊኮን ነው። ቢዚኮም የተባለ የጃፓን ኩባንያ ለካልኩሌተር ብሎ ያዘዘው ሥራ ነው በ1971 የኢንቴልን 4004 የወለደው፤ 2,300 ትራንዚስተር በአንዲት ቺፕ ላይ። ዛሬ በየኪሳችን የያዝነው ስልክ የዘር ሐረጉ ሲቆጠር መደመሪያ ማሽን ላይ ይደርሳል። በ1973 ሻርፕ በፈሳሽ ክሪስታል መስታወት የሚያሳይ አወጣ፤ ከዚያ በኋላ ባትሪው ወራትና ዓመታት መቆየት ጀመረ። ዋጋው ወረደ፣ ወረደና ከጥገናው ዋጋ በታች ሆነ። እዚች ላይ ነው የመለዋወጫ ታሪክ የሚያበቃው፣ ወይም የሚመስለው።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሬዲዮና ሰዓት የሚሠራ ወጣት ካልኩሌተሩን ከፍቶ አሳየን። መሀሉ ላይ ጥቁር የሬንጅ ጠብታ የመሰለ ነገር አለ። ቺፑ እዚያ ውስጥ ነው፤ እሱ ከሞተ ሞተ፣ ማንም አይነካውም። የቀረው ግን ሁሉም የሚታይ ነው። ባትሪው እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ያለች፣ ኤል አር 44 የምትባል። መስታወቱን ከሰሌዳው የሚያገናኝ፣ እንደ ሜዳ አህያ የተሸነተረ የላስቲክ ቁራጭ፤ እሱ ሲቆሽሽ ነው ስምንቱ ዜሮ፣ ዜሮውም ግማሽ ጨረቃ የሚመስለው። ከቁልፎቹ ሥር አንድ ወጥ ላስቲክ ተነጥፏል። በያንዳንዱ ቁልፍ ሆድ ላይ ጥቁር የካርቦን ነጥብ አለ። ስንጫን ያ ነጥብ ሰሌዳው ላይ ያሉትን ሁለት መስመሮች ያገናኛል፤ ቁጥሩ የሚጻፈው ያኔ ነው።

የሰባት ነጥብ አንድ ጎኑ አልቆ ነጭ ላስቲክ ሆኗል። መሀሉ ሲጫኑት ይሠራል፤ ጥግ ጥጉን ሲነኩት ዝም። ሹማምንቱ በጥንቃቄ፣ ቀጥ አድርገው በአውራ ጣት ተጫኑት። ለቅሶ ቤት ቆማ፣ መሀረቧን በአንድ እጅ ይዛ በጥድፊያ የምትደምር ሴት ግን እንደዚያ አትጫንም። ልጁ በስልኩ ፎቶ አነሳልን። የአክስቴ ልጅ ፎቶውን አይታ አይታ አልጠገበችም።

«ላስቲኩን መቀየር ነው» አለ። «አዲስ አይሸጥም። የሞተ ወንድሙን ፈልጉ። ኮምቦልቻ አታጡም።»

መለዋወጫ የሚለውን ቃል እስቲ ቆም ብላችሁ ስሙት። ለወጠ፣ ለዋወጠ። በየሰፈሩ «ልዋጭ!» እያለ እየጮኸ አሮጌ ልብስ በፕላስቲክ ሳፋ የሚወስደው ልጅም ከዚሁ ግንድ ነው የተቀጠፈው። ፈረንጅ ለዚህ ነገር የሰጠው ስም የተረፈ፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ከሚለው የመጣ ነው። እኛ የተረፈ ስለሌለን አንዱን ከሌላው እንለዋውጣለን። የአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ በዚህ ጥበብ ነው የቆመ፤ የመኪናውን በሶማሌ ተራ የማያውቅ ሹፌር የለም። ለኛ የሞተ ዕቃ የሚባል የለም፣ አካሉን ለሌላ የሚሰጥ ነው ያለው።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐረጎን ጠምዘዝ ጠምዘዝ እያሉ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ጋቢ ለብሶ የተነሳ ሰው ጋቢውን አጣጥፎ ይደርሳል። ኮምቦልቻ የመንገድ ልጅ ናት። የአሰብ ወደብ እስከ ግንቦት 1990 ዓ.ም. አገልግሎት ሲሰጠን የጭነት መኪናው በሚሌ፣ በባቲ አድርጎ የሚወጣው እዚህ ነው። ትሬንታ ኳትሮና ኤንትሬ ፊያት የሚያነክሱትም፣ የሚታከሙትም እዚህ ነበር። ከጭነቱ ጎን በሹፌሮች ጉያ ሬዲዮ፣ ሰዓት፣ ካልኩሌተር ይመጣ እንደነበር የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ያወራል፤ ቀረጥ የከፈለ ካለ ይመስክር። በደርግ ጊዜ ጨርቃ ጨርቁ፣ በኋላ ቢራው፣ በሐምሌ 2009 የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ደረቅ ወደቡ ሲጨመሩ የሚያሰላውም በዛ።

አንድ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ቤት ገባን። ካርቶን ሙሉ ሪሞት፣ ቻርጀር፣ ስልክ፣ ካልኩሌተር አፈሰሰልን። ከመሀሉ ወንድማችን ተገኘ! ያው መጠን፣ ያው ቁልፍ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ። ገልብጬ ሳየው ጀርባው ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ ነገር በምላጭ ተፍቋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ያገለገለ ሰው ይኼን ያውቀዋል፤ የንብረት መለያ ቁጥር ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች አሁንም ይነበባሉ።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ኅዳር 27 ቀን ከተሞቹ መልሰው በመንግሥት እጅ መግባታቸው ተነገረ። በነዚያ ሳምንታት ከሆስፒታሉ፣ ከዩኒቨርሲቲው፣ ከፋብሪካውና ከየቢሮው ምን ያህል ንብረት እንደተዘረፈና እንደወደመ ነዋሪው ያውቀዋል፤ ብዙ ተጽፏል፣ እኔ እዚህ አልደግመውም። ይቺ ካልኩሌተር ከዚያ ትሁን፣ ወይም ከዚያ በፊት በሕጋዊ መንገድ ተወግዳ በጨረታ የተሸጠች ትሁን፣ ማወቂያ የለም። ጠጋኙም አያውቅም፤ በኪሎ ነው የገዛው። የተወገደ ንብረት ከሆነ ቁጥሩን መፋቅ ለምን አስፈለገ? የሚለው ነው እኔን የከነከነኝ። ደግሞ አንድ ላስቲክ ናት፣ ከቆሻሻ መሀል የወጣች፣ ለማንም የማትረባ፤ አጉል ንጽሕና አይሆንም ወይ? እያልኩ ስከራከር የአክስቴ ልጅ ዕቃውን ከእጄ ተቀብላ ካርቶኑ ውስጥ መለሰችው።

«ሌባ አለመሆኔን በሌባ ዕቃ ላስመስክር እንዴ ጋሼ?»

ጠጋኙ ሳቀ። አልተቀየማትም። ከመሳቢያው ባዶ የሲጋራ ፓኮ አወጣና ውስጡ ያለውን የብር ወረቀት ቀደደ። የምስር ፍሬ በምታክል ክብ ቆረጣት፣ ጠብታ ሙጫ አደረገና የሰባት ሆድ ላይ ለጠፋት። የብር ወረቀት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ካርቦኑ የሚሠራውን ትሠራለች። የስንት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ ያየኋቸው መሐንዲሶች ግን «አዲስ ግዛ» ነው የሚሉት። ገጠመው፣ ሰባትን በጥጉ፣ በጫፉ፣ በጥፍሩ ተጫነው። ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት። የሠራበትን ዋጋ ስንጠይቀው «የሲጋራውን ዋጋ እንጂ የወረቀቱን አልከፈልኩ» ብሎ እንቢ አለን፤ በግድ አስጨበጥነው።

ፎቶው ለሹማምንቱ ቀረበ። ከዚያ ወዲያ ያለው የሽማግሌው ሥራ ነው። በሰባት የሚጀምር ዋጋ ያለው ዕቃ ከማን እንደተገዛ እያስታወሰች፣ እሳቸው ከዘራቸውን ይዘው እሷን አስከትለው የነጋዴውን ደጃፍ ሁሉ ዞሩ። እህል ነጋዴው ደብተር ላይ 7,450 ተገኘ፤ በመዝገቡ ድምር ውስጥ 450 ብቻ ነው የገባው። እንጨት ሻጯ ጋ 735፣ የገባው 35። የመጨረሻዋን ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጀ፤ ላስቲክ የተገዛበት 72 ብር ነበር፣ የገባው 2። ሰባት ሺህ፣ ሰባት መቶ፣ ሰባ።

ቃለ ጉባኤውን አሳይታኛለች። ጸሐፊው ቁጥሩን ከነዝርዝሩ ካሰፈረ በኋላ «ጥፋቱ የሰባት ቁጥር መሆኑ ስለተረጋገጠ ገንዘብ ያዧ ነጻ ናቸው» ይላል። ቀጥሎ ለቅሬው አዲስ ካልኩሌተር እንዲገዛ ተወስኗል። ከሥሩ፣ በሽማግሌው እጅ ጽሑፍ፣ አንድ መስመር ተጨምራለች፦ «የካልኩሌተሩ መግዣ ወጪ በእጅ ይደመር።»